የተዋጠው ማስጠንቀቂያ

ሟቹን ያገኙት ጫኞቹ ናቸው። የአሳ ካርቶን ሊያወጡ የሦስት ቁጥሩን ቀዝቃዛ ክፍል በር ወደ ውጭ ሲስቡት፣ ከውስጥ ተደግፎት የነበረ ሰው እግራቸው ሥር ተዘረረ። ቅንድቡ ላይ በረዶ ጋግሯል። የቀኝ እጁ ጣቶች ቆዳቸው ተልጧል። አንደኛው ጫኝ ጮኸ። ሌላኛው ግን፣ በኋላ ራሱን እየታዘበ እንደተናገረው፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቅዝቃዜው እንዳይወጣ በሩን መግፋት ነበር። ልማድ ክፉ ነው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሬሳው ላይ ሸራ ተጥሎበታል። ከሌላ ጉዳይ ነበር በቀጥታ የመጣችው። ቤቷ የታመሙ አባት አሏት፤ ሌሊት ሌሊት ይጠሯታል፣ ቀን ቀን ደግሞ ሥራው ይጠራታል። ሸራውን ገልጣ ለአፍታ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

«ማነው?»

«የማቀዝቀዣ መካኒክ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ሳጅን። «እዚህ ሁሉም ‹ምድጃው› ነው የሚሉት። ሌላው ሰው ሁለት ጃኬት ደርቦ ሲንቀጠቀጥ እሱ በአንድ ሹራብ ይገባል አሉ።»

«ምድጃም ይጠፋል» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ወዲያው ግን በተናገረችው አፈረች።

ወደ ክፍሉ ገባች። ሳጅኑ በሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ከውስጥ በኩል በሩን የሚከፍት አረንጓዴ እጀታ አለ። ያዘችና አዞረችው። እጀታው ምንም ሳይይዝ ዝም ብሎ ዞረ፤ ደግማ ብታዞረውም ያው ነው። በሩ ሲለቁት ራሱን የሚዘጋ ዓይነት ነው። እዚህ ውስጥ ሆኖ በሩ የተዘጋበት ሰው፣ ከውጭ የሚከፍትለት ካልመጣ በቀር፣ ቢጮኽም ከማራገቢያዎቹ ድምፅ በላይ የሚሰማው የለም፤ ስልክም እዚያ ውስጥ አይሠራም።

አራቱ ቀዝቃዛ ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። የጽዳት ተራ፣ የአደጋ ጊዜ ስልኮችና የፈረቃ ድልድል ተለጥፈውበታል፤ ሁሉም በእርጥበቱ ተኮማትረው ጫፍ ጫፋቸው ተጠቅልሏል። ከእነሱ አጠገብ «የክፍሎች ሁኔታ» የሚል ሰንጠረዥ አለ። እሱ ልጥጥ ብሎ ተለጥፏል። ኢንስፔክተሯ አየችው እንጂ ምንም አላሰበችም። ዓይኗ የሄደው ወደ ጽሑፉ ነበር።

በአንድ፣ በሁለትና በአራት ቁጥር ትይዩ «ደህና» ይላል። ቀጥሎ «የበር ሰው» በሚለው ዓምድ ሥር «አያስፈልግም» ይላል። በሦስት ቁጥር ትይዩ ግን በቀይ እንዲህ ተጽፏል፦ «የውስጥ እጀታው ተሰብሯል። ማንም ብቻውን አይግባ።» የበር ሰው የሚለው ባዶ ነው።

«የበር ሰው ማለት?» ስትል ጠየቀች።

የመለሰላት ሥራ አስኪያጁ ነበር። ከረባቱን አጥብቆ አስሯል፤ ፊቱ ነጥቷል። «አንድ ሰው ውስጥ ሲገባ ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ማለት ነው፤ በሩ ችግር ካለበት። እንግዲህ እንደሚያዩት ነው። በቀይ ተጽፏል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሰውየው ማንበብ ይችላል። አንብቦ ከገባ እኛ ምን እናድርግ?»

«ይህን ወረቀት የሚያነበው ማነው?»

«ሁለቱ መካኒኮች ናቸው። ምድጃውና ቀጮ። ጫኞቹ ግባ ካልተባሉ አይገቡም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለ ቀጮ ከጠየቁኝ... ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሰሞኑን ተጣልተዋል። እዚሁ ኮሪደር ላይ ተያይዘው ነው ያገላገልናቸው። እንግዳ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ነው እኮ ይሄ። ትናንት እንኳ ውል ሊፈራረሙ የመጡ ሰዎች ሲጎበኙን ነው የዋሉት፤ ያን ቀን ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

ኢንስፔክተሯ ሳጅኑን አየችው። ሳጅኑ በስልኩ የሰንጠረዡን ፎቶ አነሳ።

ቀጮ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቀርቅሯል። ቅጽል ስሙ የተገባው ሰው ነው፤ የሥራ ቱታው የሌላ ሰው ይመስላል።

«ከሰኞ ጀምሮ የሦስት ቁጥር የበር ሰው አንተ ነበርክ አሉኝ» አለችው።

«ነበርኩ።»

«ዛሬ ጠዋትስ የት ነበርክ?»

«ኮምፕረሰር ቤት፣ የማቀዝቀዣው ሞተሮች ጋ። ዛሬ ወረቀቱ ‹አያስፈልግም› ይላል። አብረን ነው ያነበብነው። ‹ደህና›ም ይላል። በሩ ተሠራ ማለት ነው ብለን... እሱ ‹ተገላገልክ› አለኝ። ከተጣላን ወዲህ የተናገረኝ እሷን ብቻ ነው።»

«ወረቀቱ እንደዚያ አይልም። ሄደህ እየው።»

«አይቼዋለሁ። አሁን አይልም። ጠዋት ግን ይል ነበር።»

«ወረቀት ቃሉን ይቀይራል?»

ቀጮ ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «እኔ እንጃ። ያየሁትን ነው የነገርኩዎት።»

«በምንድነው የተጣላችሁት?»

«የቤተሰብ ነገር ነው» አለ።

*

የሟቹ ቤት በአንድ ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ጎረቤቶች አግዳሚ ወንበር ያቀራርባሉ። እህትየው ከሟቹ በብዙ ትበልጣለች፤ እናታቸው ስትሞት እሱን በእጇ ያሳደገችው እሷ ናት። አላለቀሰችም። ጎረቤቶቹን ያሳሰባቸውም ይኸው ነበር።

«እትዬ፣ ያጽናዎት» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አሜን። ተቀመጪ።»

«ጊዜ የለኝም፤ ቆሜ ልጠይቅዎት። ወንድምዎ ሰሞኑን ከፍቶት ነበር?»

እህትየው ነገሩ ገባት። «ራሱን ገደለ ወይ ነው የምትይኝ?»

«መጠየቅ ስላለብኝ ነው።»

«ወንድሜ መንገድ ሲሻገር ቀኝና ግራ ሁለት ሁለቴ የሚያይ ሰው ነበር። የሳል መድኃኒት ስገዛ ወረቀቷን እስከ ታች ሳያነብ አያስጀምረኝም። ‹አንብቤ ልሙት› እያለ ይቀልዳል።» ነጠላዋን አጣፋች። «ዛሬ ጠዋት ሥራ ከገባ በኋላ ደውሎልኛል። ‹የሦስት ቁጥር በር ተሠርቷል፤ ዛሬ ሰው ስለማልጠብቅ ቶሎ እጨርሳለሁ፤ መጥቼ ጣሪያውን እሠራልሻለሁ› አለኝ። ከፍቶት ቢሆን ድምፁን አላውቀውም?»

ኢንስፔክተሯ ነቃ አለች። «በሩ ተሠርቷል አለ? ማን ነገረኝ አለ?»

«አልጠየቅኩትም። ምን አውቄ ልጠይቀው?»

«ከቀጮ ጋር በምን ተጣሉ?»

እህትየው ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ሃምሳዋን የያዘች ሴት ናት፤ ያኔ ግን እንደ ልጃገረድ ነው ያቀረቀረችው። «በእኔ ነው» አለች። «ቀጮ ለጋብቻ ጠየቀኝ። ወንድሜ ‹ቆሞ ለሚያንቀላፋ ሰው እህቴን አልሰጥም› አለ። እኔም ዕድሜዬ አልፏል ብዬ ዝም አልኩ። ምነው? እሱ ነው እንዴ...»

«አላወቅንም።»

«ካወቃችሁ በኋላ ንገሪኝ። እስከዚያ ግን ያ ሰውዬ በዚህ በር እንዳይገባ።»

መኪና ውስጥ ሳጅኑ አላስችል አለው። «ነገሩ እኮ ተገለጠ፣ አለቃ። ሟች በሩ ተሠርቷል ብሎ አምኗል። በሩ አልተሠራም። ስለዚህ አንድ ሰው ዋሽቶታል። ማለዳ አብሮት የነበረው ቀጮ ብቻ ነው። ‹ተሠርቷል፣ ግባ› አለው፤ ገባ፤ እሱ ጥሎት ሄደ። ወረቀቱን ያላየው ደግሞ የወዳጁን ቃል አምኖ ነው።»

«ሁለት ሁለቴ የሚያነብ ሰው ወረቀቱን ሳያይ?»

«የወደፊት አማቹን አምኖ።»

«የተጣላውን አማች?»

ሳጅኑ ሞተሩን አስነሳ። እሷም የተሻለ ሐሳብ አልነበራትም። ወደ መጋዘኑ ተመለሱና የኮምፕረሰር ቤቱን ሠራተኛ ጠየቁት። ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ የሰካ ዕድሜ ጠገብ ሰው ነው፤ ሦስቴ መጮኽ አስፈልጓቸዋል።

«ቀጮ? አዎ፣ እዚህ ነበር። መሃል ላይ ግን ወጣ ብሎ ቆይቶ ነው የተመለሰ። ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ምን ሆንክ ብለው አልመለሰልኝም።»

ቀጮን የት ወጥተህ ነበር ሲሉት «አየር ልወስድ» አለ። ማንም ሰው አላየህም ወይ ሲሉት «የለም» አለ። ኢንስፔክተሯ ውሸቱን ሰማችው፤ ከውሸቱ ጀርባ ያለውን ግን አልሰማችውም። ቀጮ ጣቢያ አደረ።

*

ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ የጠበቃት ሌላ ጣጣ ነው። ዋናው መምሪያ በየሳምንቱ የወንጀል ቁጥር እንዲሞላለት የሚልከው የኮምፒዩተር ሰንጠረዥ አለ። ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው፣ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ሲያዩት ያምራል ብሎ ግማሹን ሴል፣ ያን የሰንጠረዥ ሣጥን፣ ከግማሹ ጋር አዋህዶታል፤ መርጅ የሚሉት ይህን ነው። የጣቢያው ስም አንዴ ብቻ ተጽፎ ብዙ መስመር ላይ ተንጋሏል። ሲያዩት በእርግጥ ያምራል። በቀን ቅደም ተከተል ደርድርልኝ ሲሉት ግን አሻፈረኝ ይላል፤ የተዋሃዱት ሴሎች ካልተፈቱ አይደረደርም።

«መርጁን ልፈታው ነው» አለች ለሳጅኑ፣ ማስቲካ የምታላምጥ ያህል እየተሰላቸች። «ከዚያ ደግሞ የጉልበት ሥራው ይጀመራል።»

የጉልበት ሥራው ይህ ነው። የተዋሃዱት ሴሎች ሲፈቱ ጽሑፉ ወደ ላይኛው ሴል ብቻ ይመለሳል፤ ከሥሩ ያሉት ባዷቸውን ይቀራሉ። እነሱን በየሳምንቱ አንድ በአንድ በእጇ ትሞላቸዋለች። ዛሬም ሞላች። ሞልታ ስትጨርስ ሳጅኑ ከትከሻዋ ላይ አጎንብሶ በጣቱ ጠቆመ።

«ይቺን ረስተዋታል፣ አለቃ። ባዶ ናት።»

ኢንስፔክተሯ ባዶዋን ሴል አየቻት። ልትሞላት እጇን ዘረጋችና እዚያው ላይ ቆመች።

«የትናንቱን ፎቶ አምጣው።»

ሳጅኑ ስልኩን ሰጣት። ሰንጠረዡን አጉልታ አየችው። ደህና፣ አያስፈልግም። ደህና፣ አያስፈልግም። ቀይ ማስጠንቀቂያ፣ ባዶ። ደህና፣ አያስፈልግም።

«ይህን ሰንጠረዥ ያዘጋጀው ሰው ለጤነኞቹ ክፍሎች ሳይቀር ‹አያስፈልግም› ብሎ ጽፏል» አለች። «አንድም ቦታ ባዶ የማይተው ሰው ነው። የበር ሰው የግድ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል ላይ ሲደርስ ባዶ ተወው?»

«ረስቶት ይሆናላ።»

«አዎ፣ ረስቶታል። ግን መቼ ነው የረሳው?» ወንበሯን ሳበች። «ና፣ እንሞክረው።»

አዲስ ሰንጠረዥ ከፈተች። አራት መስመር ሠራችና እንደ ፎቶው ሞላችው። በሦስተኛው መስመር ማስጠንቀቂያውን፣ ከጎኑ «ቀጮ» ብላ ጻፈች። ከዚያ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን መስመር የሁኔታ ሴሎች አንድ ላይ መርጣ መርጅ አለቻቸው። ኮምፒዩተሩ መልእክት አወጣ፤ የላይኛው ጽሑፍ ብቻ ይቀራል፣ የቀረው ይጠፋል፣ ይቀጥል ወይ ይላል። ይቀጥል አለችው። ጎን ያሉትንም እንዲሁ አደረገች።

አሁን ሰንጠረዡ ላይ ሁለትና ሦስት ቁጥር ክፍሎች አንድ ሰፊ «ደህና» እና አንድ ሰፊ «አያስፈልግም» ተጋርተዋል። ቀዩ ጽሑፍ የለም። ቀጮም የለም።

«የት ገቡ?» አለ ሳጅኑ።

«ተዋጡ።» መርጁን ፈታችው። «ደህና» ወደ ሁለት ቁጥር ተመለሰ። የሦስት ቁጥር ሁለት ሴሎች ነጭ ሆነው ቀሩ። «አየህ? የተዋጠውን አይተፋውም። የፈለገ ሰው ራሱ መልሶ መጻፍ አለበት። ማስጠንቀቂያውን አስታውሶ ጻፈው። የቀጮን ስም ረሳው።»

ሳጅኑ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «እንግዲያ ቀጮ እውነቱን ነው። ወረቀቱ ተቀይሯል።»

«ያ ሰሌዳ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ተኮማትሯል። ይሄ ግን ትናንት ከማተሚያው የወጣ ነበር። አይቼው አለፍኩት።» ዓይኗን በመዳፏ አሸች። «ሰው ደግሞ በዚህ ምክንያት አሳሰርኩ። ተነስ፣ እንሂድ።»

*

የፕሮግራም ኃላፊው ቢሮ ከኮሪደሩ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሰውየው ለስላሳ አንደበት ያለው፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ሰንጠረዡን የሚያዘጋጀውም የሚለጥፈውም እሱ ነው። ወንበር አቀረበላቸው።

«የክፍሎቹን ሰንጠረዥ መቼ ነው ያዘጋጁት?»

«ሰኞ ጠዋት። እጀታው መሰበሩን ምድጃው ራሱ ነው ያመለከተኝ። ወዲያው በቀይ ጻፍኩት።»

«ከዚያ ወዲህ ነክተውታል?»

«አልነካሁትም።»

«የሦስት ቁጥር የበር ሰው ባዶ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። እንደማያውቀው ነገር ነበር ያየው። «ረስቼው ይሆናል» አለ።

«ሰኞ?»

«ሰኞ።»

«እንግዲያ ቀጮ እስከ ረቡዕ ያ በር ላይ የቆመው ማን አዞት ነው?»

ሰውየው ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ ነቀለ። ከታች የጫኞች ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል። ኢንስፔክተሯ አልቸኮለችም። ስለደከማት ዝም ማለት ይቀላት ነበር።

«ረቡዕ የመጡት እንግዶች በዚያ ኮሪደር አልፈዋል» አለች በመጨረሻ። «ያን ቀን የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አይተውታል። እነሱ ጋ ሄጄ መጠየቅ እችላለሁ። ከእርስዎ ብሰማው ይሻላል።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አልሰረዝኩትም» አለ። «ሰርዘው ቢሉኝ እምቢ እል ነበር። እውነቴን ነው፤ እምቢ እል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ያሉኝ ‹ሰንጠረዡን አስተካክለው፤ ያ ቀይ ነገር እንግዶቹ ፊት አይታይ› ነው። መሰረዝ ፈራሁ። ስለዚህ... ሁለቱን አዋሃድኳቸው። ማሳመር ነው እንጂ መሰረዝ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።»

«ኮምፒዩተሩ ግን ነግሮዎታል።»

«ጠይቆኛል» አለ። «ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ አለኝ። ቀጥል አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«እንግዶቹ እንደወጡ ልመልሰው ነበር። አመሹ፤ እኔም ደከመኝ። ማለዳ ማንም ሳይገባ እመልሰዋለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ትናንት ጠዋት አውቶቡሱ ዘገየብኝ። ስደርስ ጫኞቹ ይጮኻሉ፤ ሰው ሁሉ ወደ ሦስት ቁጥር ይሮጣል።»

«እርስዎ ግን ወደ ሦስት ቁጥር አልሮጡም።»

«አልሮጥኩም።»

«እዚህ ወጡ። መርጁን ፈቱ፣ ማስጠንቀቂያውን መልሰው ጻፉ፣ አተሙ፣ ሁሉም ሬሳውን ከቦ ሲጮኽ ከጀርባቸው ለጠፉት።»

በጭንቅላቱ ብቻ መለሰላት።

«የረሱት ስም የማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችው እየተነሳች። «በእርስዎ ምትክ ታስሮ ያደረው ሰው ነው።»

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሳጅኑ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀመጠና ረቡዕ የተላኩትን መልእክቶች ፈለገ። ብዙ አልደከመም። የፕሮግራም ኃላፊው ለሥራ አስኪያጁ፣ «እንዳዘዙኝ የሁለትና የሦስት ቁጥርን አንድ አድርጌዋለሁ» ብሎ ጽፏል። መልሱ አጭር ነው፦ «ጥሩ። ሲሄዱ ትመልሰዋለህ።»

ሥራ አስኪያጁ መልእክቱን ሲያሳዩት ከረባቱን ላላ አደረገ። መጀመሪያ ሳቀ።

«ሰንጠረዥ ማሳመር ነው ወንጀሉ?»

«ረቡዕ ጠዋት ሰውየው በሩ መሰበሩን ያውቅ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ የሚያደርገው ጉልበት አልነበራትም። «ሐሙስ ጠዋት ተሠርቷል ብሎ ገባ። ያን ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ሲሞት ደግሞ ‹ማንበብ ይችላል› አሉኝ። እርስዎ ምን ተጽፎ እንደነበር እያወቁ፣ ቆመው አሉኝ።»

«እኔ እንዲሞት አልፈለግኩም።»

«አውቃለሁ። እንግዶቹ እንዳያዩ ብቻ ነው የፈለጉት። ኮትዎን ይልበሱና ይከተሉኝ።»

*

ቀጮን ከጣቢያ ስታስወጣው ይቅርታ ጠየቀችው። እንዲህ ያለ ነገር ስላልለመደች ቃሉ ከአፏ ተንቀራፍፎ ነበር የወጣው። ቀጮ «ምንም አይደል» አለ። ትናንት ከኮምፕረሰር ቤት ወጥቶ የት እንደነበር ደግማ ጠየቀችው። አሁን ለመዝገቡ አይደለም።

«ስልክ ልደውል» አለ። «ኮምፕረሰር ቤት ድምፁ አያስደውልም። ለእሷ ልደውልላት ነበር። ‹ወንድምሽ ዛሬ አናገረኝ› ልላት። አላነሳችም። ይህን ጣቢያ ላይ ብናገር ስሟ ይነሳል ብዬ ነው የዋሸሁት።» ቱታውን አስተካከለ። ከዚያ ሌላ ነገር ወጣው። «እኔ ውጭ ቆሜ ልደውል ስሞክር፣ እሱ ውስጥ በሩን ይመታ ነበር አይደል?»

ኢንስፔክተሯ መኪናው ውስጥ አስገባችው።

ቀብሩ ተፈጽሞ ሰዎች ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ቀጮ የውጭው በር ጋ ቀረ፤ አልገባም አለ። ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ገብታ እህትየው አጠገብ ጎንበስ ብላ ሁሉንም ነገረቻት። ሴል፣ መርጅ አላለችም። በሩ መሰበሩን የሚናገረው ጽሑፍ እንግዳ መጣ ተብሎ እንደተደበቀ፣ በቦታው «ደህና» የሚል እንደተቀመጠ፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ እንዲመስል ተመልሶ እንደተለጠፈ ብቻ ነገረቻት።

እህትየው እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እንግዲያ አንብቧል» አለች።

«አንብቧል፣ እትዬ። አንብቦ፣ የተጻፈውን አምኖ ነው የገባው።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ጎረቤቶቹ ወደ እሷ ሊነሱ ሲሉ በእጇ ተቀመጡ አለቻቸው። ያለ ድምፅ፣ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ስታበቃ ወደ ውጭው በር አየች። የቱታው ጉልበት ብቻ ከበሩ ጎን ይታያል።

«ሐሙስ ጠዋት ደውሎ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አይቼው ነው ያላነሳሁት። ወንድሜን እንዳላስቀይም።» ከዚያ ከአጠገቧ ላለችው ጎረቤት ነገረቻት። «ያንን ሰው ግባ በይው። ውጭ አይቀመጥ።»

ቀጮ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሰዎች ጠጋ ጠጋ አሉለት። ከእህትየው ራቅ ብሎ ሊቀመጥ ሲል እሷ ራሷ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

«አንቺስ?» አለች ወደ ኢንስፔክተሯ ዞራ። «ትናንትም ቆመሽ ነው የሄድሽው። ዛሬ እንኳ ተቀመጪ።»

ኢንስፔክተሯ ሥራ አለብኝ ልትል ነበር። ጥግ ላይ የግድግዳ ጥላ ያረፈባት ወንበር አየች። ለአፍታ ብቻ ብላ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

ሳጅኑ መኪናው ውስጥ ሆኖ ብዙ ጠበቀ። ሲሰለቸው ገብቶ ጥግ ጥጉን ፈለጋት። አፏን በትንሹ ከፍታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ ተኝታለች። የሰው ጋቢ ተደርቦላታል። ሊቀሰቅሳት እጁን ሲዘረጋ እህትየው ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ራሷን ወዘወዘችበት።

«ተዋት» አለችው። «ትተኛ።»

ሳጅኑ የሚያደርገው ቢያጣ ከቀጮ ጎን ተቀመጠ።